ውሃ አልለቅ ያለው የእማማ ወርቅነሽ ማሽን

ባለፈው ወር ቤታችን ያለው የሳህን ማጠቢያ ማሽን ውሃውን ይዞ ቀረ። ልጄ በሩን ከፈተችና አፍንጫዋን ይዛ ወደ ሳሎን ሮጠች። እኔ ግን ተንበርክኬ ፊቴን ወደ ውስጥ አስጠጋሁ። ያደረ ቅባት፣ የሟሟ ሳሙና፣ ከሥሩ ደግሞ የብረት ጠረን። ባለቤቴ ከኋላዬ መጥቶ፣ "ምኑን ነው እንዲህ የምታሸቺው?" አለኝ። በዚያች ቅጽበት ሐዋሳ፣ በገዛ ወጥ ቤቴ ውስጥ አልነበርኩም። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ጂንካ ነበርኩ። የበልጉ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር፣ የእናቴም እጅ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር።

በዚያ ዘመን የጂንካ መሃል ሣር የለበሰ የአውሮፕላን ሜዳ ነበር። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ላሞቹን ያባርሯቸዋል፤ ሲሄድ ላሞቹም እኛ ልጆቹም ተመልሰን እንገባለን። የእማማ ወርቅነሽ የእንግዳ ማረፊያ ከሜዳው አለፍ ብሎ፣ የማንጎ ዛፍ ጥላ ባጠላበት ግቢ ውስጥ ነበር። ወደ ማጎና ወደ ኦሞ ወንዝ የሚወርዱ ቱሪስቶች ያድሩበታል። እናቴ ታደለች እዚያ ዕቃ አጣቢ ነበረች። ጠዋት ተምሬ ስጨርስ ወደዚያው እሄድና ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ።

እናቴ የገዘር ልጅ ናት። ከደጋው ወደ ጂንካ የወረደችው አባቴን አግብታ ነው። በአገሯ ቋንቋ በአሪኛ ስታወራ ቀልደኛ ናት፤ አማርኛ ላይ ስትደርስ ግን ቁጥብ ትሆናለች። ወንዱን ከሴቱ እየደባለቀች ሰው እንዳይስቅባት ትፈራ ነበር። አባቴ ወይጦ በአንድ የጥጥ እርሻ ላይ ይሠራል፣ የሚመጣውም በዓል በዓል ነው። በአዘቦቱ ቀን ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ቤቱን ያቆመው የእናቴ እጅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚያ ዓመት ያ እጅ ታመመ። መጀመሪያ በጣቶቿ መሃል ቀላ፣ ቀጥሎ ተላላጠ፣ ከዚያ ተሰነጠቀ። ማታ ቤት ስንገባ ቅቤ ትቀባዋለች። ጠዋት ሳሙናና በረኪና ውስጥ ስትነክረው መልሶ ይደማል። አንድ ቀን ነጭ ሳህን ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። እናቴ ቶሎ ብላ አጠበችውና እኔን በዓይኗ "ዝም በይ" አለችኝ። ያየሁት ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም። እማማ ወርቅነሽ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

የእማማ ወርቅነሽ ወላጆች ከሰሜን መጥተው ጂንካ የሰፈሩ ናቸው። እሳቸው ግን ጂንካ ተወልደው ጂንካ ያረጁ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ማረፊያውን ያስተዳደሩት ብቻቸውን ነው። ረጅም ናቸው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ያስራሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ግቢውን ይሞላዋል። በጣም እፈራቸው ነበር። ማንንም ቢቆጡ እኔን የተቆጡ ይመስለኛል፤ ሲስቁ ደግሞ አይቻቸው አላውቅም።

በማግስቱ እናቴን ራሳቸው ሆስፒታል ወሰዷት። እኔም ተከተልኳቸው። ነርሷ የእናቴን እጅ አገላብጣ አየችና ቅባት ቀብታ በጨርቅ ጠቀለለችላት።

"ይህ እጅ ከሳሙናና ከውሃ ካልራቀ አይድንም" አለች።

"እስከ መቼ?" አለች እናቴ።

"እስኪድን ነዋ።"

ግቢ ስንመለስ እናቴ እንደ ልማዷ ወደ ማጠቢያው ገንዳ ሄደች። እማማ ወርቅነሽ ከኋላዋ ደረሱባትና ትከሻዋን ይዘው ዞር አደረጓት።

"ከእንግዲህ ከዚህ ገንዳ አጠገብ እንዳላይሽ" አሏት። "ሂጂ፣ አልጋ አንጥፊ።"

እናቴ አንገቷን ደፍታ ሄደች። እማማ ወርቅነሽ እጅጌያቸውን ሰብስበው እሷ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሙና ሳህኑን ማጠብ ጀመሩ። እኔ ሣጥኔ ላይ ሆኜ ይህን ሁሉ አየሁ። ያየሁትንም በልጅ ልቤ ተረጎምኩት፤ እኚህ ሴትዮ የእናቴን ሥራ ቀሟት።

ከዚያ ቀን በኋላ ያው ሆነ። እናቴ ክፍል ትጠርጋለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፤ እማማ ወርቅነሽ ሳህን ያጥባሉ። አጥበው ሲጨርሱ ሎሚ ለሁለት ይሰነጥቁና እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይፈትጋሉ። አፍንጫቸው ላይ አድርገው ያሸቱታል። እንደገና ይፈትጋሉ። እናቴ የነካችውን ስለነኩ የተጸየፉ መሰለኝ። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ማታ ስንጸልይ ስማቸውን ጠርታ "ዕድሜ ስጣቸው" ስትል ስሰማ፣ እናቴ እንዴት ያለች የዋህ ናት እያልኩ በብርድ ልብሱ ውስጥ እበሳጭ ነበር።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት የሚሰጣበት ነጭ ነገር ነበር። እኔ ቁም ሣጥን ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን እማማ ወርቅነሽ ሽንኩርቱን አስወረዱና ተገፍቶ ወደ ወጥ ቤት እንዲመጣ አደረጉ። ለካ የሳህን ማጠቢያ ማሽን ኖሯል። ጂንካ ብዙ ዓመት የኖሩ ፈረንጆች አገራቸው ሲገቡ ፍሪጃቸውን ለእማማ ወርቅነሽ ሸጠው፣ ይህን ደግሞ በምርቃት ሰጥተዋቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አስነስቶት አያውቅም።

"ራሷ ታጥባለች?" አለች እናቴ ማሽኑን እየዞረች።

"ታጥባለች ይላሉ" አሉ እማማ ወርቅነሽ። "እስቲ እንያት። ይህ ወገቤ እስከ ፋሲካ የሚያደርሰኝ አይመስለኝም።"

የከተማው መብራት ቀን ቀን ስለማይኖር በግቢው ጄኔሬተር አስነሱት። የውሃ መሳቢያውን ቱቦ ከሮቶው ጋር አገናኙት። ማሽኑ ውሃ ጠጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሳህኖቹ ሆዱ ውስጥ ሲንኳኩ ተሰማ። እናቴ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ ስትል አየኋት። ከዚያ ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ። ሲያቃስት ቆየና ዝም አለ። በሩን ሲከፍቱት ከታች ግራጫ ውሃ አቁሯል፣ ሳህኖቹም በቅባት ተለውሰዋል። ደግመው አስነሱት። ያው ነው።

"ውሃ አልለቅ አለች" አለች እናቴ።

"ሆዷ ተነፍቷል" አሉ እማማ ወርቅነሽ፣ በሩንም በጉልበታቸው ገፍተው ዘጉት።

በማግስቱ ወጥ ቤቱ ሸተተ። እስከ ዛሬ የማውቀው ያን ጠረን ነው።

እኔ "ሆዷ ተነፍቷል" የሚለውን ቃል በቁሙ ነው የወሰድኩት። በዚያ ሰሞን ሆዴን ነፍቶኝ ታምሜ ስለነበር የማሽኑ ሥቃይ በደንብ ገባኝ። ክፍል ውስጥ ለጓደኞቼ እማማ ወርቅነሽ ቤት ሳህን የሚያጥብ ማሽን እንዳለና ሆዱን እንደታመመ ነገርኳቸው። ሳህን የሚያጥብ መሆኑን አላመኑኝም። ሆዱን መታመሙን ግን ማንም አልተጠራጠረም።

እኛ ጸሎት ቤት ሰው ሲታመም ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው ይጸልዩለታል። ስለዚህ ወጥ ቤቱ ባዶ ሲሆን ጠብቄ ገባሁ። ሁለት እጆቼን ማሽኑ አናት ላይ ጫንኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። "ጌታ ሆይ፣ ሆዱን አሽረው፣ እንዲሸናም እርዳው" ብዬ ጸለይኩ። "አሜን" ብዬ ዓይኔን ስገልጥ እማማ ወርቅነሽ በሩ ላይ ቆመዋል። የሚቆጡኝ መስሎኝ ባለሁበት ደረቅሁ።

"እመብርሃን ትስማሽ" አሉና እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ወደ ገንዳው ሄዱ።

በልጉ እየከበደ መጣ። አንድ ሌሊት የወረደ ጎርፍ ወደ ወይጦ የሚወስደውን መንገድ ቆረጠው። መኪና አይወጣም፣ አይገባም። ሜዳው ረግረግ ሆኖ አውሮፕላንም ቀረ። ለጉብኝት የመጡ ፈረንጆች ከነሾፌሮቻቸው እማማ ወርቅነሽ ግቢ ውስጥ ተዘጋባቸው። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይበላሉ። የሚታጠበው ሳህን ተቆለለ። እማማ ወርቅነሽ ገንዳው ላይ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ቀና ለማለት ግድግዳውን መያዝ ጀመሩ።

ከሾፌሮቹ አንዱ ደረጀ ይባላል። ቀጭን፣ ሥራ ሲፈታ የሚጨንቀው ወጣት ነበር። መኪናውን ዝናብ ላይ አቁሞ ያጥባታል። እሱም ሲሰለቸው ወጥ ቤት መጥቶ ከበሩ ጋር ይቆማል።

"እማማ፣ ይሄ ማሽን ምን ሆኖ ነው የተቀመጠው?" አለ አንድ ቀን።

"ውሃ አይለቅም።"

"ልየው?"

"ታውቅበታለህ?"

"እንዲህ ያለ ነገር ነክቼ አላውቅም" አለ። "ግን መኪናም ውሃ የሚገፋ ፓምፕ አላት። ይሄም ውሃውን የሚገፋበት አንድ ነገር ሳይኖረው አይቀርም። መቼም ከዚህ የባሰ አይበላሽ።"

እማማ ወርቅነሽ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መንገድ ለቀቁለት።

ደረጀ ሶኬቱን ነቀለ። የቆመውን ውሃ በጣሳ እየቀዳ፣ የቀረውን በጨርቅ እየጨመቀ አወጣ። የታችኛውን የሳህን መደርደሪያ ሲያነሳ ከሥሩ ወንፊት ተገኘ። ወንፊቱ በደረቀ ቅባት ጠቁሯል። የዓሣ አጥንት፣ የሎሚ ዘር፣ የተጨማደደ ወረቀት ነበረበት። እነዚያ ፈረንጆች ስንትና ስንት ዓመት በፊት የበሉት እራት እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። እማማ ወርቅነሽ ወንፊቱን በፈላ ውሃና በአመድ ፈትገው ነጭ አደረጉት። ተገጠመ፣ ተሞከረ። ውሃው አሁንም ቆመ።

በማግስቱ ደረጀ ማሽኑን በጎኑ አስተኛውና በካቻቢቴ ከሥሩ ከፈተው። እኔ ቀዶ ሕክምና የማይ መስሎኝ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቅሁ። የቡጢ ያህል የሆነ ፓምፕ አወጣ። ውሃውን የምትገፋው ትንሽ ማራገቢያ ተቀርቅራ አትዞርም። ደረጀ በፒንሳ ጫፍ ይዞ ቀስ አድርጎ ሲስብ ክር የተጠመጠመበት የብርጭቆ ስባሪ ወጣ። ማራገቢያዋን በጣቱ ሲነካት ዞረች።

"ሕመሙ ይኸውላችሁ" አለ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ።

ሁላችንም አመንነው። ማሽኑ ተገጠመ፣ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ማሽኑ አጠበ፣ አቃሰተ፣ ውሃውንም ይዞ ቆመ።

ደረጀ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

"ሞተሩ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል" አለ በመጨረሻ። "ከሆነ ደግሞ ዕቃው አዲስ አበባም መገኘቱን እንጃ።"

"ውሃ ማስወጫው ቱቦስ?" አሉ እማማ ወርቅነሽ።

"አይቼዋለሁ። አልተቀደደም፣ አልተጣጠፈም።"

እማማ ወርቅነሽ ወደ ገንዳው ተመለሱ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ጎረቤት የእህቷን ልጅ ይዛ መጣች። ልጅቷ ደልደል ያለች፣ ጤነኛ ክንድ ያላት ናት።

"እትዬ፣ ለሳህኑ ሰው ካስፈለገዎት ይህችውልዎት" አለች ሴትየዋ። "መቼም ያቺ እጇን የታመመችው..."

"እስከ ፋሲካ ልይ" አሉ እማማ ወርቅነሽ። "ከፋሲካ ወዲያ ወገቤም አይችል። ያኔ ሌላ ሰው መያዜ አይቀርም።"

ማታ ቤት ስንገባ የሰማሁትን ለእናቴ ነገርኳት። ኩራዙን አስተካከለች። ከዚያ በአሪኛ፣ "ገዘር እንመለሳለና" አለችኝ። "እዚያ የአባቴ እንሰት አለ። አንራብም። ትምህርት ቤትም አለ።"

"አባዬ ከወይጦ መጥቶ ቢያጣንስ?" አልኳት።

"ሰው ይነግረዋል" አለች። ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። እኔም ያን ሌሊት አባቴ በጭቃው ውስጥ ቤት ለቤት እያንኳኳ ስማችንን ሲጠራ በሕልሜ አየሁት።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር ከጠዋቱ ጀምሬ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ደረጀ ማሽኑን ወደ ዕቃ ቤት ሊመልሰው ውሃ ማስወጫ ቱቦውን ነቅሎ ወለሉ ላይ ጥሎታል። እናቴ እየጠረገች መጣችና ቱቦውን ልትጠቀልለው አነሳችው። በክንዷ ላይ ስትጠመጥመው ቆም አለች። መልሳ ፈታችው። ጫፉን በቀሚሷ ጠርጋ ከንፈሯ ላይ አሳረፈችና ዋሽንት እንደሚነፋ ሰው ነፋችበት።

አያቴ ገዘር የቀርከሃ ዋሽንት ይሠሩ ነበር። ቀርከሃ በውስጡ አንጓ አለው፤ አንጓው በጋለ ብረት ተበስቶ ካልወጣ ትንፋሽ አያሳልፍም። እናቴ ልጅ ሳለች አባቷ የሠሩትን ሁሉ እየነፋች ትሞክርላቸው እንደነበር ብዙ ጊዜ አጫውታኛለች።

ከቱቦው የወጣው ድምፅ አጭርና የታፈነ ነበር። እንደገና ነፋች።

"አንጓ አላት" አለች።

"ምን አላት?" አለ ደረጀ።

አማርኛው ጠፋት። ፊቷ ሲቀላ አየሁ። የተጠቀለለ ጣቷን ቱቦው ላይ አድርጋ፣ "እዚህ ጋ... እንደ ቀርከሃ። ውስጧ ተዘግታለች" አለች።

ደረጀ አልሳቀም። የቱቦውን ሌላ ጫፍ አንስቶ ጉንጩ ላይ አስጠጋው።

"እስቲ ንፊው እህቴ።" ነፋች። "በይ ድገሚው።" ደገመች።

"ትንፋሽ አይመጣም" አለ ደረጀ። ቱቦውን አውርዶ ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። "እኔ ሞተር ሞተሩን ስል።"

እማማ ወርቅነሽን ጠሯቸው። የፈላ ውሃ በጭልፋ አንቆረቆሩበት። ትንሽ ቆየት አድርገው ደረጀ ረጅም ሽቦ ሰደደበት። መጀመሪያ ቀይ ውሃ ወጣ፣ ቀጥሎ ጭቃ። በኋላ የጣት ያህል የደረቀ አፈር ዱብ አለ። እናቴ ሰበረችው። ውስጡ ክፍል ክፍል ነበር፤ በየክፍሉ የደረቁ ትንንሽ ሸረሪቶች ተጠቅጥቀዋል። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ጭቃ የምትለጥፈዋ ተርብ ናት። ማሽኑ ዕቃ ቤት በተቀመጠባቸው ዓመታት ገብታ ቤቷን ሠርታበት ኖሯል። ሸረሪቶቹን የምታጭቀው ለልጆቿ ምግብ ነው።

"እሷም ለልጆቿ ብላ ነው" አለች እናቴ፣ አፈሩን ቀስ አድርጋ መስኮቱ ላይ እያስቀመጠች።

ቱቦው ተገጠመ፣ ጫፉም በቀዳዳ ወደ ግቢ ወጣ። እማማ ወርቅነሽ አንገታቸው ላይ ያለችውን መስቀል በጣታቸው ይዘው ቆሙ። ጄኔሬተሩ ተነሳ። ማሽኑ ሲያጥብ ቆይቶ ማቃሰት ሲጀምር እኔ ወደ ውጭ ሮጥኩና ቱቦው አፍ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ምንም የለም። ከዚያ ቱቦው ተንቀጠቀጠ፣ አንዴ አሳለው፣ ጥቂት ጭቃ ተፋ። ቀጥሎ ውሃው መጣ። አረፋ ያለበት ግራጫ ውሃ በማንጎው ሥር ተንዠቀዠቀ።

"ሸና!" ብዬ ጮህኩ። "ሸና!"

ከወጥ ቤቱ ሳቅ ተሰማ። የደረጀን ሳቅ አውቀዋለሁ፣ የእናቴንም አውቀዋለሁ። ሦስተኛው ማን እንደሆነ ለማየት ስገባ እማማ ወርቅነሽ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። አንዱ ጥርሳቸው የወርቅ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ያ ብርጭቆ ባይወጣ ቱቦው ብቻውን ምንም አይፈይድም ነበር፤ ቱቦው ባይከፈትም የብርጭቆው መውጣት ከንቱ ነበር። ይህን ያስረዳኝ ደረጀ ነው። "እኔና እናትሽ ግማሽ ግማሽ ሠራን" አለኝ። በሕይወቴ እናቴን ከባለሙያ ጋር እኩል አድርጎ ሲጠራት የሰማሁት የመጀመሪያ ሰው እሱ ነበር። ዛሬም ስሙን ሳነሳ ደስ ይለኛል።

ማታ ወደ ቤት ስንሄድ በሜዳው ዳር ዳር፣ ጭቃውን እየዘለልን ነበር።

"አሁን እማማ ወርቅነሽ ሥራሽን ይመልሱልሻል?" አልኳት እናቴን።

"የቱን ሥራ?"

"የቀሙሽን። ሳህኑን።"

እናቴ ቆመች። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ እንቁራሪቶች በሜዳው ውሃ ውስጥ ይጮሃሉ። ቁጢጥ ብላ ፊቴን እያየች በአሪኛ ነገረችኝ።

"ድሮ አልጋውን የሚያነጥፉት እሳቸው ነበሩ። የቀለለውን ለእኔ ሰጥተው የከበደውን ወሰዱ። እንዲያ ባያደርጉ ይህን ጊዜ ሥራ የለኝም።"

ትንሽ አሰብኩ። "ሎሚውስ? አንቺን ተጸይፈው አይደለም?"

"ሎሚው ለጾሙ ነው። በሌላው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ወጥ ቤቱን በሩቁ ነበር የሚያልፉት። ዘንድሮ የፈረንጅ ሥጋና ቅቤ በእጃቸው ሲያጥቡ ከረሙ። ከዚያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እጄ ሥጋ እየሸተተ እንዴት እቆማለሁ ብለው ነው የሚፈትጉት።"

ተነስታ እጇን ስትዘረጋልኝ እንዳላሳምማት የጨርቁን ጫፍ ብቻ ያዝኩ። በልቤ ግን ትልቅ ነገር ከቦታው እንደተነሳ ይሰማኝ ነበር። እኔ ስጠላቸው የከረምኩት ሰው ያን ሁሉ ጊዜ እኛን ሲሸከሙ ነበር። ከዚያ በኋላ እማማ ወርቅነሽን መፍራት ተውኩ።

ማሽኑ እንደ አዲስ ሆነ ማለት አይደለም። ውሃ ማሞቅ ሲጀምር ጄኔሬተሩን ያንቀዋል፤ ስለዚህ ደረጀ ማሞቂያውን አቋረጠውና እናቴ በእንጨት ያፈላችውን ውሃ ከላይ ትጨምርበት ጀመር። የጎረቤቷ የእህት ልጅም ከፋሲካ በኋላ አልጋ ለማንጠፍና ለመጥረግ ተቀጠረች፤ ከእናቴ ጋር ጓደኛ ሆኑ። መንገዱ ሲከፈት ደረጀ ፈረንጆቹን ጭኖ ወጣ። ካቻቢቴውን ለእናቴ ትቶላት ነበር። ዳግመኛ አላየሁትም።

በተከፈተው መንገድ አባቴ በጭነት መኪና ተጭኖ ለፋሲካ ደረሰ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነበር። እናቴ ስለ ቱቦው ስትነግረው እንደገና ንፊልኝ ብሎ ባዶ ጠርሙስ አቀበላት፣ እስኪደክማቸው ሳቁ።

የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። እማማ ወርቅነሽ ነበሩ። ነጭ ለብሰው፣ ድፎ ዳቦ በጨርቅ አድርገው ይዘዋል። ከዚያ በፊት ቤታችን ገብተው አያውቁም። አባቴ ተነስቶ ብቸኛዋን ባለመደገፊያ ወንበር አቀረበላቸው። እናቴ ቆጮውንና የፋሲካውን ሥጋ ማቅረብ ጀመረች።

"እናቴ" አላቸው አባቴ፣ እጁን አጣምሮ እንደ ቆመ። "እኔ በሌለሁበት ቤቴን ጠበቁልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"ተቀመጥ" አሉት እማማ ወርቅነሽ። "እስክትመጣ ጠበቅንህ እንጂ ምን አደረግን። ደግሞ ሚስትህን አጥቼ እኔስ የት እደርሳለሁ?"

እናቴ ለእጅ መታጠቢያው ውሃ ልታመጣ ስትነሳ ቀደምኳት። ጆጉንና ሳፋውን አምጥቼ እማማ ወርቅነሽ ፊት ተንበረከክሁ። እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው ተልጧል፣ በጣቶቻቸው መሃል ቀልቷል፣ ሎሚው ያቃጠለው ቦታ ያስታውቃል። ውሃው እንዳያማቸው በቀጭኑ፣ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩላቸው። እሳቸውም አልቸኮሉም። ጆጉ ባዶ እስኪሆን ድረስ እጃቸውን ከሥሩ ይዘው ቆዩ።

ከዚያ እርጥብ መዳፋቸውን አናቴ ላይ አሳረፉ።

"እደጊ" አሉኝ። "እደጊልኝ ልጄ።"